ማቃጠሉ ጠፋ፤ ምክንያቱስ የት ሄደ?

እንደምን አመሻችሁ! አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ከኋላ ተደብቃችሁ የተቀመጣችሁ ወጣቶችም ጭምር፣ እንደምን አመሻችሁ! የፊት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ርዕሱን አይታችሁ ወደ ኋላ እንደሸሻችሁ ገብቶኛል። ግድ የለም፣ ድምፄ ይደርሳል።

ስለ ወንዶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተናገሪ ስባል መጀመሪያ ያልኩት «ሐኪም ጋብዙ» ነበር። እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ የሰው ሽንት ማየት ነው፤ 22 ዓመት አይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ታዘብኩ። ሴቶች የሽንት ኩባያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «መቼ ይደርሳል?» ብለው ይጠይቁኛል። ወንድ ልጅ ግን ኩባያውን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ደብቆ ይመጣል። ግራ ቀኙን ይቃኛል። ሰው ካለ ስልክ የሚያወራ መስሎ ይዞራል። ሁሉም ሲሄዱ ነው ቀስ አድርጎ የሚያወጣው፤ እንደ ኮንትሮባንድ! (ሳቅ)

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም እስቃለሁ። ግን ያ ሰው ኩባያውን የደበቀው ዛሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማቃጠሉን ለሳምንታት ደብቋል። ማታ መነሳቱን ለዓመታት ደብቋል። «ብርድ መቶኝ ነው»፣ «ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው»፣ «ውሃ ስላልጠጣሁ ነው» ሲል ከርሟል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ሽንቱ ከውሃነት ወደ ድፍርስነት ተቀይሯል።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ወንድ በዚህ በሽታ እንደ ሴት በቀላሉ የማይያዘው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ከተያዘስ ምን ማለት ነው? ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራውና ስለ መድኃኒቱ። መሀል ላይ ወሬ ካስረዘምኩ ታገሡኝ፣ ዕድሜ ነው።

ወደ አንደኛው ልግባ። አብዛኛውን ጊዜ ይህን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ይባላል። ቴዎዶር ኤሸሪክ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1885 ነው ለዓለም ያስተዋወቀው፤ ስሙም ከእሱ ስም የመጣ ነው። ይህ ፍጥረት ከሩቅ አገር የመጣ ጠላት አይደለም። አሁን እዚህ በተቀመጥንበት በሁላችንም አንጀት ውስጥ አለ። እዚያ እስካለ ድረስ ጎረቤት ነው፣ ጉዳት የለውም። ችግሩ ቤት ሲሳሳት ነው። ከፊንጢጣ አካባቢ ተነሥቶ፣ በሽንት መውጫው ገብቶ፣ ሽቅብ ወደ ፊኛ ሲወጣ።

የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የወንድ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ለእኛ አንድ ስንዝር ነው፤ በዓይን ለማይታይ ፍጥረት ግን ጉዞ ነው። ያውም ሽቅብ፣ ያውም በየሦስት በየአራት ሰዓቱ ጎርፍ በሚለቀቅበት መንገድ። በዚያ ላይ የወንዱ ቧንቧ በር ከፊንጢጣ ራቅ ያለ ነው። የፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው ፈሳሽ ደግሞ ዚንክ በብዛት አለበት፣ ዚንኩም ባክቴሪያን ይጎዳል። አያችሁ? ተፈጥሮ ለወንድ ልጅ ሦስት አራት ዘበኛ አቁማለታለች። (አንድ ነገር ልጨምር፦ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ ሕፃናት ናቸው በብዛት የሚያዙት። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚያተኩስ ወንድ ሕፃን ያላችሁ፣ ሽንቱ ይመርመር በሉ።)

እንግዲህ ሁለተኛው ነጥብ ከዚህ ይመጣል፤ ዛሬ የመጣሁትም ለእሱ ነው። ይህ ሁሉ ዘበኛ ቆሞ ሳለ ሌባ ከገባ ምን ትላላችሁ? «ሌባውን ግደሉ» ብቻ ነው የምትሉት? «ማን በር ከፈተ?» አትሉም? የሴት ልጅ የፊኛ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት ሳይኖረው ይመጣል፣ ይታከማል፣ ያልፋል። ወንድ ላይ ሲመጣ ግን፣ በተለይ ዕድሜው 50 ካለፈ፣ በተለይ ተመልሶ ከመጣ፣ በር የከፈተ ነገር ይፈለጋል።

በር ከፋቾቹ እነማን ናቸው? የፊኛ ወይም የኩላሊት ጠጠር አለ። ከድሮ ጉዳት ወይም ከድሮ ጨብጥ የተረፈ የቧንቧ ጥበት አለ። ያልተስተካከለ የስኳር በሽታ አለ። የፊኛን ነርቭ የጎዳ የጀርባ አጥንት ሕመም አለ። ካቴተር፣ ሽንት እንዲወጣ ወደ ፊኛ የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ አለ፤ እሱማ በሩን ከፍቶ ምንጣፍ ያነጠፈ ማለት ነው። ካቴተር የገባለት ሰው በእያንዳንዱ ቀን ከ100 ከ3 እስከ 7 የሚሆን ዕድል እየተደመረበት ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ይገባል። ዘመድ ስታስታምሙ «ይህ ነገር ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?» ብላችሁ በየቀኑ ጠይቁ። ነርሷ አትቆጣም። ብትቆጣም ጠይቁ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ፕሮስቴት ነው። ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት የከበበ ዕጢ ነው። በወጣትነት 20 ግራም ቢመዝን ነው። ዕድሜ ሲገፋ ማደግ ይጀምራል፤ ቀለበቱም ይጠብቃል። ካንሰር ማለቴ አይደለም፣ ተራ ዕድገት ነው። ሰማንያ ዓመት ከደረሱ ወንዶች አብዛኞቹ አላቸው። ቧንቧው ሲጠብ ፊኛው ይደክማል፣ ጨርሶ ባዶ አይሆንም። ጥቂት ሽንት ከሥር ይቀራል። ያ ቅሪት ነው ኩሬው። የሚፈስ ውሃና የቆመ ውሃ አንድ ናቸው?

እስቲ አብረን እናስላ። ኢ. ኮላይ ሁኔታው ከተመቸው በየ20 ደቂቃው አንዱ ሁለት ይሆናል። በሰዓት ሦስት ጊዜ ይባዛል። ማታ ተኝታችሁ በስምንት ሰዓት ውስጥ 24 ጊዜ። አንድ ብሎ የጀመረው ንጋት ላይ ከ16 ሚሊዮን በላይ! ሽንት ውስጥ እንደ ላቦራቶሪ ምግብ አይመቸውም፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም ስሌቱን ያዙልኝ። ጤነኛ ሰው ጠዋት ተነሥቶ ሽንቱን ሲሸና ቤቱን ጠራርጎ ያስወጣቸዋል። ኩሬ ያለበት ሰው ግን ግማሾቹን አስቀርቶ ይውላል።

አሁን አባባን ላንሣ። ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ። «ስሜን ካልጠራሽ ንገሪያቸው» ብለውኛል።

አባባ ሰባ ካለፋቸው በኋላ ማታ ማታ መነሣት ጀመሩ። ክፍላችን ጎን ለጎን ስለሆነ ኮቴያቸውን እሰማለሁ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ፣ በኋላ ሦስት፣ በኋላ አምስት። በሩ ይከፈታል፣ መብራቱ ይበራል፣ ከዚያ ዝም። ረጅም ዝምታ። ከዚያ ጠብ… ጠብ… ደግሞ ዝም። «አባባ፣ ምን ሆኑ?» ስላቸው «እርጅና ነው ልጄ፣ ተኚ» ይሉኛል። እኔም ተኛሁ። ይቅር ይበለኝና፣ ተኛሁ።

አንድ ቀን «ያቃጥለኛል» አሉ። ሽንታቸውን ወስጄ ራሴ አየሁት። በምታሽከረክረው ማሽን አምስት ደቂቃ አሽከርክሬ፣ ዝቃጩን መስታወት ላይ ጠብ አድርጌ በማይክሮስኮፕ ስመለከት፣ ነጭ የደም ሴል ሜዳውን ሞልቶታል። ኢንፌክሽን ነው። እሺ፣ ምን አደረግሁ? የማውቀውን መድኃኒት አምጥቼ ሰጠኋቸው። ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ሳህን ላይ አብቅሎ የመለየት ምርመራ፣ አልሠራሁም። ሐኪም ዘንድ አልወሰድኳቸውም። በሦስተኛው ቀን «ዳንኩ» አሉ፣ የተረፈውን ኪኒን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። በሁለት ወሩ ተመለሰ። ያንኑ ሰጠኋቸው። በአራት ወሩ ተመለሰ። ያንኑ! ሦስት ጊዜ ሌባውን አባረርኩ፤ በሩ ክፍት መሆኑን አንዴም ዞር ብዬ አላየሁም። ይህን ያደረግሁት ያልተማርኩ ሆኜ ነው? ሥራዬ እኮ ነው! የአባት ጉዳይ ሲሆን ግን ሰው ያፍራል። እሳቸው ከእኔ አፈሩ፣ እኔም ከእሳቸው አፈርኩ። በሁለታችን እፍረት መሀል ባክቴሪያው ዓመት ከረመ።

ከዚያ ጉንፋን ያዛቸውና አፍንጫ የሚከፍት ኪኒን ዋጡ። ይህን አስምሩበት፦ አፍንጫ የሚከፍቱና እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኙ የጉንፋን መድኃኒቶች ፕሮስቴቱ ያደገ ሰው ላይ ሽንት ሊዘጉ ይችላሉ። አንዳንዶቹ የቧንቧውን አንገት ያጠብቃሉ፣ አንዳንዶቹ ፊኛውን ያሰንፋሉ። በማግስቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በሬ ተንኳኳ። አባባ በሬን አንኳክተው አያውቁም። «ልጄ፣ ሽንቴ እምቢ አለ።» ላብ አጥምቋቸዋል። ከእምብርታቸው ሥር እጄን ሳሳርፍ እንደ ኳስ ተነፍቷል። ድንገተኛ ክፍል ካቴተር ሲገባላቸው ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። የጤነኛ ሰው ፊኛ ግማሽ ሊትር ሳይሞላ ነው ወደ ሽንት ቤት የሚያስሮጠው።

ያን ቀን ካልቸር ሠራሁ። በሁለተኛው ቀን ሳህኑን ከፈትኩ። የመድኃኒት አቅም የሚፈተንበት ሳህን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ባክቴሪያው እንደ ስስ ምንጣፍ ይበቅላል፤ ላዩ ላይ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች አሉ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ይታያል፤ ባክቴሪያው ሸሽቷል ማለት ነው። እኔ ሦስት ጊዜ የሰጠኋቸው መድኃኒት ወረቀት ጋ ስደርስ ቀለበት የለም። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ በቅሏል። ወረቀቱ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ሳህኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ባክቴሪያ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ ፔኒሲሊንን ያገኘው ሰውዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል በንግግሩ ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር፤ መድኃኒቱን ከሚበቃው በታች የሚወስድ ሰው ተሕዋሱን አይገድለውም፣ ያለምደዋል ብሎ። መሳቢያ ውስጥ ግማሽ ኪኒን ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። … አይታችኋል? እኔም አውጥቻለሁ።

አባባ በአልትራሳውንድ ሲታዩ ፕሮስቴታቸው ከመጠኑ ብዙ እጥፍ አድጎ ተገኘ። ኢንፌክሽኑ ለባክቴሪያው በሚስማማ መድኃኒት ታከመ፤ ቀጥሎ ፕሮስቴቱ። ቧንቧውን የሚያላላ ኪኒን ለብዙ ሰው ይበቃል፣ እሳቸው ግን ቀዶ ሕክምና አስፈለጋቸው። አሁን ማታ አንዴ ቢነሡ ነው። ኮቴያቸውን ሳልሰማ የማድርበት ሌሊት አለ።

ወጣቶች፣ «ይሄ የሽማግሌ ወሬ ነው» ብላችሁ ስልካችሁን አታውጡ። እናንተ ላይ ሽንት ሲያቃጥል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሌላ ነው፦ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉት ጨብጥና ክላሚዲያ። ከብልት ጫፍ ፈሳሽ ወይም መግል ካለ፣ የውስጥ ልብሳችሁ ላይ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ የተለመደው የሽንት ኢንፌክሽን መድኃኒት አይበቃችሁም። እናንተ ብቻ ታክማችሁም አይበቃም፤ የተቃራኒ ፆታ ጓደኛም ሆነ የትዳር አጋር አብሮ ይታከማል፣ አለበለዚያ ኳስ መቀባበል ነው።

መቼ ነው ቀጠሮ የማይጠበቀው? ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ጎንና ወገብ ላይ ውጋት ከመጣ፣ ማስታወክ ከጀመረ፣ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ደርሷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ትኩሳት ኖሮ ከቆለጥ ጀርባ እስከ ፊንጢጣ ባለው ቦታ ከባድ ሕመም ካለ፣ ሲቀመጡ የሚያም ከሆነ፣ ፕሮስቴቱ ራሱ ቆስሏል። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ በዚያው ሌሊት ነው፣ ንጋት አይጠበቅም። ሽንት ውስጥ ደም ካያችሁ ደግሞ፣ ባያምም፣ አንዴ ታይቶ ቢጠፋም፣ ታዩ። በተለይ ሲጋራ የምታጨሱ። የማያም ደም የፊኛ ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሦስተኛው ነጥብ የእኔ ጓዳ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልበል። ሽንት ስትሰጡ እጃችሁን ታጠቡ፣ የብልታችሁን ጫፍ አጽዱ፣ ሸለፈት ያለው ወደ ኋላ ይሰብስበው። የመጀመሪያውን ትንሽ ሽንት መሬት ልቀቁት፤ መሀሉን ኩባያው ውስጥ። ለጨብጥና ለክላሚዲያ ምርመራ ግን ተቃራኒው ነው፦ የመጀመሪያው ሽንት ነው የሚፈለገው። የትኛው እንደሆነ ጠይቁን። አንዴ አንድ ሰውዬ ጠዋት የሸናውን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አስቀምጦ ከሰዓት በኋላ አመጣልኝ። ያቺን የ20 ደቂቃ ስሌት አስታወሳችሁ? እኔ ያየሁት የፊኛውን ባክቴሪያ ሳይሆን የመኪናውን ነበር። ሽንት ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይም፣ ካልሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ።

ደግሞ ከመድኃኒቱ በፊት! ኪኒን ውጣችሁ ኩባያ ከያዛችሁልኝ ሳህኔ ላይ ምንም ላይበቅል ይችላል። ያ ማለት ድናችኋል ማለት አይደለም።

ሽንት ውስጥ የምትነከረዋ ባለ ቀለም ወረቀት ጥሩ ናት፣ ግን አትማሉባት። ናይትራይት የምትለው ክፍሏ ባክቴሪያው ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ካልቆየ አትቀላም፤ አንዳንድ የባክቴሪያ ዓይነት ደግሞ ጨርሶ አያቀላትም። ወንድ ላይ ካልቸር ይሠራ ብላችሁ ጠይቁ። በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ባክቴሪያ የሚለውን የድሮ መስፈርት ሰምታችሁ ይሆናል፤ ምልክት ላለው ወንድ 1,000ም ትርጉም አለው። በሌላ በኩል፣ ምንም ሳይሰማችሁ ሽንታችሁ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ ተብሎ መድኃኒት አይዘነብባችሁም፤ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሕክምና ካልተቃረበ በቀር ብዙውን ጊዜ ይተዋል። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሠራውን የፒ.ኤስ.ኤ. የደም ምርመራም በኢንፌክሽን መሀል አታሠሩ። ቁጥሩ በኢንፌክሽኑ ብቻ ይሰቀልና በከንቱ እንቅልፍ ታጣላችሁ።

ስንት ቀን ይወሰዳል? ድሮ ለወንድ ሁሉ ሁለት ሳምንት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ትኩሳት ለሌላቸው ወንዶች የ7 ቀን መድኃኒት በውጤቱ ከ14 ቀኑ እንደማያንስ አሳየ። ፕሮስቴት ውስጥ ከገባ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ሥር ከሰደደ ከዚያም በላይ ነው፤ ፕሮስቴት መድኃኒት እንደ ልብ የማያስገባ ዕጢ ነው። ናይትሮፉራንቶይን የሚባለው ለምሳሌ ፊኛ ላይ ጥሩ ሆኖ ሳለ ፕሮስቴት ውስጥ አይዘልቅም። ለዚህ ነው «ሚስቴን ያዳናት መድኃኒት» የማይሠራው። ለዚህም ነው ሐኪሙ የሚመርጠው፣ ጎረቤት የማይመርጠው።

ስለ መከላከል ብዙ አልልም። ውሃ ጠጡ፣ ሽንት አትያዙ። ፕሮስቴታችሁ ያስቸገራችሁ አባቶች፣ ከሸናችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ተቀምጣችሁ ብትሸኑም ነውር የለውም፣ ማንም አያያችሁም። (ሳቅ)

እንግዲህ መጠየቅ የምታፍሩ እንዳላችሁ ስለማውቅ በሩ ላይ ሳጥን አስቀምጬ ነበር። ስም ሳትጽፉ ጥያቄ ጨምሩ ብዬ። እንየው… ኧረ ሞልቷል! የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «የሽንት ኢንፌክሽን አለብህ ተብያለሁ፣ ለሚስቴ አልነገርኩም። ይጋባባታል? ምን ብዬ ልንገራት?»

ወንድሜ፣ የት እንዳለህ አልፈልግህም። ካልቸርህ ኢ. ኮላይ ከሆነና ፈሳሽ ከሌለህ፣ እንደ ጉንፋን የሚጋባ በሽታ አይደለም፤ ነውር የሠራህም አይደለህም። «ሽንቴ አቃጠለኝ፣ ምክንያቱን ሊያዩልኝ ነው» በላት። ፈሳሽ ካለ ወይም ምርመራው ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ካለ ግን ዛሬ ማታ ንገራት፣ አብራችሁ ኑ፣ ሕክምናው እስኪያልቅም አልጋ ለዩ። አንድ ነገር ደግሞ፣ ማታ ስንት ጊዜ እንደምትነሣ አንተ ካልቆጠርክ እሷን ጠይቃት። ቆጥራዋለች።

ሁለተኛውን ወረቀት አቀብሉኝ።